የባዘነ ከብት ከመንገድ እስከ ባለቤቱ እጅ፦ ለደንብ አስከባሪዎችና ለቀበሌ ሠራተኞች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የደንብ አስከባሪ ቡድኑ ዱላ ይዞ ይወጣል። ከብቱን ያባርራል። ከብቱ ደንግጦ ከመኪና ጋር ይጋጫል ወይም ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ እግሩን ይሰብራል። እንደ ምንም ተይዞ በረት ቢገባ ደግሞ ማን፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት እንደያዘው የተጻፈ ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን «ባለቤቱ እኔ ነኝ» የሚሉ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ከብቱ ከስቷል፤ ሠራተኛው ይሰደባል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

በእንስሳት ጤና ረዳትነት ከአንድ ማዘጋጃ ቤት ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። በረት ውስጥ ካከምኳቸው ከብቶች አብዛኞቹ መንገድ ላይ ሳሉ ደህና ነበሩ፤ የተጎዱት ሲያዙና ከተያዙ በኋላ ነው። አንዲት ላም የአንድ ቤተሰብ ወተት፣ የልጆች ደብተር መግዣ፣ የክፉ ቀን ጥሪት ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ሥሩ።

ከመውጣታችሁ በፊት

በረቱ ሳይዘጋጅ አንድም ከብት አትያዙ። በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው፤ ከብቱ ከተያዘ በኋላ ውሃ ፍለጋ መሮጥ ይጀመራል።

1. ሥልጣናችሁን በወረቀት ያዙ። ከብቱ የሚቆይበት ጊዜ፣ የቅጣቱ መጠንና የቀለብ ክፍያው ከከተማ ከተማ ይለያያል። የራሳችሁ ከተማ ያወጣው ደንብ ማኅተም ያለበት ቅጂ አብሯችሁ ይውጣ። ደንቡ ላይ የሌለ ገንዘብ አትጠይቁ።

2. በረቱን ዙሩት። አጥሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ይኑረው፤ የሾለ ሽቦና ምስማር ይነቀል። ጥላ ያስፈልጋል። ለአንድ ትልቅ ከብት ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር አስቡ። ለታመመ ከብት የተለየ ክፍል፣ ለጋማ ከብትም ሌላ ክፍል ይኑር።

3. ውሃና መኖ አስቀምጡ። አንድ የአገራችን በሬ በሞቃት ቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ይፈልጋል። በግ 4 ሊትር ያህል ውሃና 1 ኪሎ ሣር ይበቃዋል።

4. ዕቃችሁን ቁጠሩ፦ ስድስት ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ወፍራም የቃጫ ገመዶች፣ ፉርሽካ የያዘ ባልዲ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የእጅ ባትሪ፣ መዝገብ፣ እስክሪብቶ፣ ካሜራ ያለው ስልክ። ቀጭን የናይለን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል፤ ተዉት።

5. አራት ሰው ይበቃል፤ ከአራቱ አንዱ ከብት እየጠበቀ ያደገ ይሁን። ዐሥር ሰው ዱላ ይዞ ሲከበው ከብቱ የጅብ መንጋ የመጣበት ያህል ይሸበራል። የአካባቢውን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ያዙ፤ ለፖሊስ 991 ላይ ይደወላል።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ባዝኗል?

ዐሥር ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። ጠዋት ወጥተው ማታ በራሳቸው ቤታቸው የሚገቡ ላሞች በየከተማው ዳር ሞልተዋል። እረኛው ልጅ ሱቅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በበዓል ዋዜማ ከገበያ የተገዛ በግ ወይም ሰንጋ ከነገመዱ ያመልጣል፤ ገዢው ምናልባት አንድ መታጠፊያ ወደ ኋላ ቀርቶ እያለከለከ ነው። በአቅራቢያው ያሉትን የጉሊት ሻጮች፣ ሊስትሮዎችና የጥበቃ ሠራተኞች ጠይቁ። የሰፈሩን ከብት ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባለቤቱ ከተገኘ እዚያው አስረክቡ፤ ደንቡ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ጻፉና አስፈርሙ።

ቀጥሎ ጤናውን ከርቀት እዩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ልጋጉ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ ጎርንኖ ያለማቋረጥ የሚጮህ፣ ያለ ምክንያት የሚዋጋ ወይም የኋላ እግሩ የሚከዳው ከብት የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር ያለ ስለሚመስል ብዙ ሰው እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል። አታስገቡ። ሰዉን አርቁና ሐኪም ጥሩ። ልጋጉ ከነካችሁ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለነገ አታሳድሩት።

ከብቱ ሞቶ ካገኛችሁትና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋን ጠርጥሩ። አትግፈፉት፣ አትጎትቱት፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ውሻም ሰውም እንዳይነካው ጠብቁ። «ሥጋው ለውሻ ይሁን» የሚለውን ሰው በጨዋ ቃል፣ ግን በጥብቅ መልሱት።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ መኪናውን አቁሙ

ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከከብቱ ግራና ቀኝ 100 ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙና ተሽከርካሪ ያዘግዩ። አሽከርካሪዎች ክላክስ እንዳይነፉ በእጅ ምልክት ንገሯቸው። ከብቱን በየት በኩል ከአስፋልቱ እንደምታወጡት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ሲነዳ ከብቱ መሀል መንገድ ላይ ይዞራል። ሌሊት ከሆነ ባትሪውን መሬት ላይ አብሩ። ዓይኑ ላይ ያበራችሁበት ከብት ወዴት እንደሚሮጥ አታውቁም።

በፍጥነት መንገድ ላይ በእግራችሁ አትግቡ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ግራና ቀኙ የታጠረው ሰውና ከብት እንዳይገባበት ነው። አጥር ጥሶ የገባ ከብት ካያችሁ ቦታውን ለክፍያ ጣቢያው ሠራተኞች ወይም ለፖሊስ አሳውቁና ከአጥሩ ውጭ ጠብቁ።

ደረጃ 3፦ መንዳት

ለዚህ ደረጃ ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠሁት አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ ነው።

የከብት ዓይን ጎንና ጎን ስለተቀመጠ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው በስተኋላው ያለውን ነው። ከዚያ ከመጣችሁበት በድንገት ሲያውቃችሁ ይራገጣል። ላም ወደ ጎንም እንደምትራገጥ አትርሱ።

1. ከጎን በኩል ወደ ትከሻው አቅጣጫ በዝግታ ቅረቡ። እጃችሁን አታወራጩ። ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፤ እረኛ ከብቱን የሚያናግረው ያለ ምክንያት አይደለም።

2. ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ሲያያችሁ ቁሙ። ድንበሩ እዚያ ነው። አንድ እርምጃ ስትጨምሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ እርምጃ ስትመለሱ ይቆማል። ሥራው በሙሉ ይህችን አንዲት እርምጃ ማወቅ ነው።

3. ወደ ፊት እንዲሄድ ከትከሻው ኋላ ሁኑ። እንዲቆም ወይም እንዲመለስ ከትከሻው ፊት ውጡ።

4. አንድ ሰው ፉርሽካ የያዘውን ባልዲ እያንኳኳ ከፊት ይምራ። የተራበ ከብት ከዱላ ይልቅ ባልዲውን ይከተላል።

5. መሄጃውን ክፍት አድርጉለት። አራታችሁም ከከበባችሁት ከመካከላችሁ ደካማውን መርጦ ይጥሳል።

*አልንቀሳቀስ ካለ፦* አትምቱት፣ ጅራቱን አትጠምዝዙ። ከአቅራቢያው ካለ ቤት አንዲት የረጋች ላም ለምኑና አጠገቡ አቁሙ። ከብት ብቻውን ሲሆን ይፈራል፤ ጓደኛ ሲያገኝ ተከትሎ ይሄዳል።

*ከሮጠ፦* ሁላችሁም ቁሙ። አትከተሉት። ሃያ ደቂቃ ያህል ስጡት፤ ሣር መጋጥ ሲጀምር ከመጀመሪያው ጀምሩ።

*መታሰር ካለበት፦* ገመዱን ቀንዱ ሥር እሰሩት። አንገቱ ላይ የሚጠብቅ ሸምቀቆ አትሥሩ። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ዙር አድርጉት፤ ጉልበቱን ግንዱ ይቻለው።

*ኮርማ ከሆነ፦* አንገቱን አጎንብሶ፣ ጎኑን አዙሮ ካሳያችሁና መሬቱን በእግሩ ከጫረ ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ ሂዱ። ያለ ሐኪም አትሞክሩት።

በመኪና የምትወስዱ ከሆነ የአይሱዙው ወለል ላይ አሸዋ ወይም ጭድ አንጥፉ፤ ባዶ ብረት ላይ ያዳልጠዋል። መኪናውን ከአፈር ጉብታ ወይም ከእርከን ጋር አስጠግታችሁ አውጡትና አውርዱት። ገፍቶ ማውረድ የፊት እግር ይሰብራል።

ደረጃ 4፦ ከመመገባችሁ በፊት መዝግቡ

ከብቱ የበረቱን በር እንዳለፈ፣ ማንም ሰው ወደ ሻይ ሳይሄድ ጻፉ። አንድ ጊዜ የበረት መዝገብ ስገልጥ ገጹ ሙሉ «ቀይ ላም፣ 1» የሚል ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት በረቱ ውስጥ አራት ቀይ ላሞች ነበሩ። መዝገባችሁ እንዲህ ይሁን፦

«ጊደር፤ ዕድሜ 2 ዓመት ተኩል ገደማ፤ መደቧ ቀይ፣ ግንባሯ ቦቃ፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተሰነጠቀ፤ የቀኝ ቀንዷ ከግራው ያጠረ፤ አንገቷ ላይ የተበጠሰ ሰማያዊ ገመድ፤ የፊት ቀኝ ጉልበቷ ላይ የቆየ ጠባሳ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡20፣ ከመናኸሪያው ጀርባ።»

ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች ፎቶ አንሡ። ቁስል ካለ ቀረብ ብላችሁ አንሡት፤ «እናንተ ናችሁ ያቆሰላችሁት» ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው። የያዘው ሠራተኛና አንድ የሰፈር ነዋሪ ይፈርሙ።

ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ምልክት መርጣችሁ ከመዝገቡ ውጭ ለማንም አትናገሩ። ለደረጃ 7 ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 5፦ የበረት ቀናት

መጀመሪያ ውሃ። በጣም የተጠማ ከሆነ አንድ ባልዲ ስጡ፣ ቆይታችሁ ሌላ ጨምሩ። ቀጥሎ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር። እህል አትስጡ። ለከሳ ከብት አዝኖ በቆሎ ወይም ስንዴ የሚያቀርብ ደግ ሰው በየከተማው አለ፤ ያልለመደ ሆድ ላይ የሚፈስ እህል ግን ከብቱን ነፍቶ ይገድለዋል።

ጠዋትና ማታ አንድ ነገር እዩ፦ ያመሰኳል? የበላ ከብት ተኝቶ ካላመሰኳ ችግር አለ። የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተነፋ ሰዓት አትስጡት፣ ሐኪም ጥሩ። በቆሻሻ ክምር ላይ የቆየ ከብት ሆዱ ውስጥ ፌስታል ሊኖር ይችላል፤ እየበላ የሚከሳ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነፋ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። አዲስ ገቢውን ከነባሮቹ ለዩ፤ አፉና ሰኮናው መሀል ቁስል ካለ ደግሞ ባልዲውም የራሱ ይሁን። ያስወረደች ላም ካለች የወረደውን በባዶ እጅ አትንኩ።

የምትታለብ ላም ከሆነች በቀን ሁለት ጊዜ ትታለብ። ይህን ስጽፍ አንዲት ጥቁር ላም ትታየኛለች። ዓርብ ማታ ነበር የገባችው። ሰኞ ጠዋት በረት ስደርስ ጥግ ይዛ፣ የኋላ እግሮቿን አንፈርክካ ቆማለች። ጡቷ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ስነካው ይፋጃል። ከአንደኛው ጫፍ የወጣው እርጎ የመሰለ ጓል ነበር። ሁለት ቀን ተኩል ማንም አላለባትም፤ በመዝገቡ ላይ ወተት ያላት መሆኗ አልተጻፈማ። ረፋዱ ላይ አንዲት እናት የጥጃዋን ገመድ ይዘው መጡ። ላሟን ተረከቡ፤ ያ አንዱ ጡት ግን ዳግመኛ ወተት አልሰጠም።

ስለዚህ በመግቢያው ገጽ ላይ «ወተት አላት / የላትም» የሚል መስመር ጨምሩ። የታለበውን መጠን ጻፉ። ምን መድኃኒት እንደተወጋች ስለማታውቁ ወተቱን አትጠጡት፣ አትሽጡት።

ደረጃ 6፦ ባለቤቱን ፈልጉ

በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ አሳውቁ፤ ከብቱ የተሰረቀ ከሆነ አቤቱታው እዚያ ተመዝግቦ ይሆናል። ከዚያ በቀበሌው ሰሌዳ ለጥፉ፣ ለእድር ዳኞች ንገሩ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ከጸሎት በኋላ እንዲነገር ጠይቁ። የገበያ ቀን ከሁሉ ይበልጣል። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ከብት ባለቤት የከተማውን ሰሌዳ አያነብም፤ ገበያ ግን ይመጣል።

ማስታወቂያው ላይ የከብቱን ዓይነት፣ የተገኘበትን ሰፈርና ቀን ብቻ ጻፉ። ቀለሙንና ምልክቱን አትጻፉ፣ ፎቶውንም በቴሌግራም አትበትኑ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ባለቤት ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ማስረከብ

1. «ባለቤቱ እኔ ነኝ» የሚለውን ሰው ከብቱን ሳታሳዩት ጠይቁ። ምን ዓይነት፣ ምን ቀለም፣ መቼ ጠፋ፣ በየት በኩል ወጣ፣ ምን ጠባሳ አለው? መልሱን ጻፉ።

2. ከዚያ በረቱ ጋ ውሰዱት። ብዙ ጊዜ ላሟ ድምፁን ስትሰማ ጆሮዋን ትቀስራለች። ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

3. መታወቂያና ከብቱን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ይቅረቡ። በቅርብ የተገዛ ከሆነ ሻጩ ወይም ደላላው ይጠራ።

4. ክፍያውን በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ የሚገባ ብር ሌብነት ነው፤ ሰዉም በማዘጋጃ ቤቱ ላይ እምነት የሚያጣው በዚህ ነው። መክፈል የማይችል ሰው ሲመጣ «ሂድና አምጣ» ብላችሁ አትመልሱት፤ የቀለቡ ሒሳብ በየቀኑ እየጨመረ ከብቱን ራሱን ይበላዋል። ጉዳዩን በጽሑፍ ለኃላፊ አቅርቡ።

5. አስፈርማችሁ፣ ከብቱን ከተረካቢው ጋር ፎቶ አንሥታችሁ፣ ገና ቀን ሳለ አስረክቡ።

*ሁለት ሰው ከመጣ፦* እናንተ ዳኛ አይደላችሁም። የሁለቱንም ቃል ጻፉ፤ ከብቱን ለማንም ሳትሰጡ ጉዳዩን ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ምሩ። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በአረፋ ሰሞን በተለይ ተጠንቀቁ፤ ያን ጊዜ የተሳሳተ ሰው የወሰደው በግ በማግስቱ ድስት ውስጥ ነው።

ደረጃ 8፦ ባለቤት ካልመጣ

በደንባችሁ የተቀመጠው ጊዜ ሳያልቅ አትሽጡ። ካለቀም በኋላ የኃላፊ የጽሑፍ ውሳኔ፣ የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክርነትና ይፋ የጨረታ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። የበረቱ ሠራተኞችና ዘመዶቻቸው አይጫረቱ። ከሽያጩ ላይ የቀለቡና የሕክምናው ወጪ በሰነድ ይቀነስ፤ የቀረው ገንዘብ ባንክ ይግባ፤ ባለቤቱ ዘግይቶ ሲመጣ የሚታይ ወረቀት ይኑር። አርዶ መካፈል በየትኛውም ሁኔታ አይፈቀድም።

ከብቱ የግለሰብ ግቢ ውስጥ ከገባ

ነዋሪዎች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ ጉዳዩን ይዟል። ከብቱ በአጋጣሚ አምልጦ እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ከብቱን ለካሣው መያዣ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል፤ ነገር ግን ሳይዘገይ ባለቤቱን ማሳወቅ፣ ካላወቀውም መፈለግ አለበት። ስለዚህ ለነዋሪው እንዲህ በሉት፦ በሩን ዝጋ፣ ውሃ አቅርብ፣ የተበላውን አትክልት ፎቶ አንሣ፣ ጎረቤት አስመስክር፣ በዚያው ቀን ለቀበሌ አሳውቅ። ደብቆ ማስቀረትና መሸጥ በወንጀል ያስጠይቃል።

የጋማ ከብት

ፈረስና አህያ የተለየ ሐሳብ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹ የጠፉ ሳይሆኑ የተጣሉ ናቸው። ጋሪ መጎተት ያቃተው ፈረስ ገመዱ ይፈታና አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ሌሊት የአስፋልቱን ሙቀት ፍለጋ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል።

ፈረስን ከፊት፣ ከግራ ትከሻው በኩል ቅረቡ፤ ከኋላው አትለፉ። አህያ ሲፈራ ይገትራል እንጂ አይሮጥም፤ እልኸኛ ነው ብላችሁ አትምቱት፣ ጊዜ ስጡትና ሌላ አህያ ከፊቱ አስኪዱለት። አንገቱና እግሩ ላይ መስመር ይዞ የወጣ እባጭና ቁስል ካለ በሽታው ወደ ሌሎች ይተላለፋል፤ ልጓሙንና ገመዱን ለሌላ እንስሳ አትጠቀሙ፣ ለብቻው አስቀምጡት።

እንዲህ ያለውን ፈረስ ለመጠየቅ ማንም አይመጣም። በአካባቢያችሁ የጋማ ከብት የሚያክም ድርጅት ካለ በመጀመሪያው ቀን ደውሉ። ሐኪሙ አይድንም ካለ ደግሞ በሐኪም እጅ፣ ሳይሠቃይ እንዲሞት ጠይቁ፤ ውሳኔውንም አስፈርሙ። ከከተማ ውጭ ወስዶ መልቀቅ የብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ልማድ ነው። ቁስለኛ ፈረስ ለጅብ ተሰጠ ማለት ነውና አታድርጉት።